ሜጀር ኮምፒዩተር ሥራ ላይ ናቸው

የልጅነት ጎረቤቴ የጌታቸው ልጅ ቤዛ ባለፈው ሰሞን ወረቀቷን ይዛ ቤቴ መጣች። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ የምትማረውን ሙያ የምትመርጥበት ጊዜ ደርሶባታል። ሰፈራችን ውስጥ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የነካካው ጥያቄ ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚላከው። ጡረታ መውጣቴ ትዝ የሚለው የለም፤ ስልካቸው አልበራ ያላቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ በሬን ያንኳኳሉ። ቤዛ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ለመመረቅ የሚያስፈልገውን አንድ በአንድ አነበበችልኝ፤ ኮመን ኮርስ፣ ሰፖርቲቭ ኮርስ፣ ሜጀር ኮርስ፣ የተግባር ልምምድ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት። ስትጨርስ ቀና ብላ «ጋሼ፣ ሜጀሬን ኮምፒዩተር ላድርገው ይሆን?» ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቷ ክው አለች፤ በውጤቷ የሳቅሁ መሰላት። በእሷ እንዳልሳቅሁ ምዬ ተገዝቼ ካሳመንኳት በኋላ ሌላ ጥያቄ አመጣች፤ እንደኔ ግምት የመጣችውም ለዚሁ ነው። አባቷ ባንክ በገባ ቁጥር፣ ለገንዘብ ከፋይዋ ሳይሆን ከፊቷ ላለው ኮምፒዩተር፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ የወታደር ሰላምታ ይሰጣል። ሰው ይስቃል፣ እሷ መግቢያ ይጠፋታል። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው «ጋሽ ታደሰን ጠይቂያቸው» ይላታል። ታደሰ እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት ነገሩን ባጭሩ ነገርኳት፤ ከሄደች በኋላ ግን ያልነገርኳት ብዙ ነገር ትዝ እያለኝ ይኸው መጻፍ ያዝኩ።

ያኔ ከተማችንን ናዝሬት ነበር የምንላት። ዛሬ ፋብሪካና ፎቅ የሞላው ዳርቻ ሁሉ ግራርና አቧራ ነበር። ስለ አቧራው ማንም የዛሬ ልጅ አያውቅም። አስፋልቱ ያልደረሰበት መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ካለፈ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ቡና ዓይነት ሸሚዝ ለብሶ ነበር ቤቱ የሚገባው። ደህና ሸሚዝ ደግሞ እንዲሁ አይገኝም። ጥሩ የለበሰ ወጣት ካየን «አሰብ የሚመላለስ ሹፌር ዘመድ አለው ማለት ነው» እንባባል ነበር። እግሩ የሰፋው ሱሪ ፋሽኑ አዲስ አበባ ካለፈበት በኋላ እንኳ እኛ ጋ አላለፈበትም፤ ጨርቁ ገና አላለቀማ። ከባቡር ጣቢያ እስከ ፍራንኮ ሰፈር በጋሪ በስሙኒ ይኬዳል፤ ፈረሱ ደጉን ቀን አግኝቶ ከሮጠ ነፋሱ ፊትህን ሲነካህ የንጉሥ ልጅ ያደርግሃል። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ትኩስ ፓስቲ በአምስት። ፖስታ ቤቱ አካባቢ አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ የፍቅር ዘፈን ሲለቅ፣ ከየድሬዳዋ ዛፉ ሥር የቆመው ወጣት ሁሉ የሚጠብቀው ሰው ያለው ይመስል ነበር። ብዙዎቻችን የምንጠብቀው ሰው አልነበረንም፤ ዘፈኑ እንዳያመልጠን ነበር የምንቆመው። አልፎ አልፎ ግን ዘፈኑ ሳያልቅ ወጣቱ ብትን ይላል። አፈሳ መጣ የተባለ ጊዜ ማለት ነው። ወጣት ከመንገድ ላይ እየታፈሰ ወደ ውትድርና የሚሄድበት ዘመን ነበርና።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ አመል አለብኝ፤ የተዘጋ ነገር ካየሁ ውስጡን ሳላይ ዕረፍት የለኝም። የአባቴን የኪስ ሰዓት ፈትቼ የተገረፍኩትን እስካሁን ጀርባዬ ያውቀዋል። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ለባቡር ሠራተኛ ሰዓት መፍታት ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የቴክኒክ ኮሌጅ ኮምፒዩተር የሚባል ትምህርት ሊጀምር ነው፣ መሣሪያውም ከወዳጅ አገር በስጦታ መጥቷል ሲባል፣ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ያንን ነገር ማየት አለብኝ አልኩ። የኮሌጁ ስም ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ስለተቀያየረ የትኛውን እንደምጠራው አላውቅም፤ እኛ ኮሌጁ ብቻ ነበር የምንለው።

ገብቼ የመጀመሪያው ሰሞን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የመመረቂያው መስፈርት ተለጠፈ። አናቱ ላይ ሜጀር ይላል፣ ዋናው የትምህርት ዘርፍ ማለት ነው፤ ቀጥሎ ኮምፒዩተር። ከሥሩ ያለውን ሳነብ ኮምፒዩተሩን ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ አጣሁት። ሒሳብ አለ፣ ፊዚክስ አለ፣ እንግሊዝኛ አለ። የፖለቲካ ትምህርት አለ፤ እሱን የወደቀ ሰው ኮምፒዩተሩን ራሱን በእጁ ቢሠራው እንኳ አይመረቅም። ቴክኒካል ድሮዊንግ አለ። ብረታ ብረት አለ፤ አንድ ቁራጭ ብረት ይሰጡሃል፣ በሞረድ እየሞረድክ አራት ማዕዘን ታደርገዋለህ፣ መምህሩ ማዕዘን መለኪያውን አስደግፎ ወደ መስኮቱ ያነሳዋል፣ በመሃል ብርሃን ካሾለከ እንደገና ነው። ኮምፒዩተር የሚማር ሰው ብረት መሞረድ ምን ያደርግለታል ብዬ ብጠይቅ መምህሩ «ትዕግሥት» ብሎኝ አለፈ። እጄ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደነደነ፤ ብርሃኑ ግን ማሾለኩን አልተወም። የመስፈርቱ መጨረሻ ላይ ነበር የፈለግሁት ነገር። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የራሱን ፕሮግራም ጽፎ፣ በመሣሪያው ላይ ያለ ስህተት ማስኬድ አለበት። ያላስኬደ አይመረቅም። ዛሬ ሳስበው ትክክል ነበሩ መሰለኝ፤ በስህተት ሳልናደድ እንደገና መጀመር የለመድኩት ከዚያ ብረት ነው።

መሣሪያው የነበረበት ክፍል በናዝሬት ሙቀት ውስጥ አንዱ ቀዝቃዛ ቦታ ነበር። እኛ ተማሪዎቹ ማራገቢያ የለንም፤ ለእሱ አየር ማቀዝቀዣ ተገጥሞለታል። በአቧራው ምክንያት ጫማ አውልቆ ካልሆነ ማንም አይገባም፤ በሩ ላይ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» ተጽፏል። ውስጥ ሦስት ትልልቅ የብረት ሳጥኖች አሉ። አንደኛው የተበሳሱ ካርዶች ይቀበላል፣ አንደኛው ያስባል፣ አንደኛው ይጽፋል። ካርዱ ላይ አንዲት ነጥብ ካጎደልክ የሚያስበው አያስብልህም፤ ተራህ እስኪደርስ እንደገና ትጠብቃለህ። የክፍሉ ጌታ ሕንዳዊው መምህራችን ሚስተር ጆሴፍ ነበሩ። ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የሚያብለጨልጭ ሰው ናቸው። አማርኛቸው «ቆይ»፣ «በቃ» እና «አቧራ» ነበር፤ ለሥራቸው ሌላ ቃል አላስፈለጋቸውም። እግሬን ባዶ አድርጌ ያንን ቀዝቃዛ ሊሾ የረገጥኩ ቀን የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም፤ በቃ፣ የአባቴ የኪስ ሰዓት እንደገና ተከፈተልኝ።

ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። አባቴ ምን እንደምማር ጠይቆኝ «ሜጀሬ ኮምፒዩተር ነው» ብዬው ነበር። እሱ ነገሩ ባይገባውም ቃሉን አልጣለውም፤ ለእናቴ ነገራት፣ እናቴ ለጎረቤት ነገረች። «የታደሰ ሜጀር ኮምፒዩተር ይባላል» አለች። እንግዲህ ዘመኑን አስቡት። ሜጀር ማለት ሻለቃ ነው፤ ሻለቃ ደግሞ የሚፈልገውን የሚያደርግ ሰው ነው። በከተማው የኩባም የሩሲያም መኮንኖች ይመላለሱ ነበርና ስሙ እንግዳ መሆኑ ማንንም አልገረመውም። ሰፈሩ ሁሉ ታደሰ ኮምፒዩተር የሚባል የውጭ አገር ሻለቃ ሥር ሆኖ ይማራል ብሎ ተቀበለው። የቀበሌው ሱቅ ሰውዬ እናቴን ከሰልፍ እያወጣ ስኳር ይሰጣት ጀመር። እሷም ጸባይዋን አይቶ መስሏት ትመርቀዋለች። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

ከአጥራችን ማዶ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ የቤዛ አያት መሆናቸው ነው። አውቶቡስ ተራ ፓፓያና ብርቱካን ይሸጣሉ፤ ባላቸው ቀድመዋቸው ሞተዋል፤ ያላቸው አንድ ልጅ እኛ ጌቱ የምንለው ጌታቸው ነው። ጌቱ ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ካሴት ቤቱ በር ላይ ከሚቆሙት አንዱ። አንድ ቀን ዘፈኑን ሊያስጨርስ ሲል ከታፈሱት ጋር ታፈሰ። ከከተማው አንድ አዳራሽ ግቢ ውስጥ አስቀመጧቸው፤ መኪና ሲመጣ ወደ ማሠልጠኛ ይጫናሉ ተባለ። እትዬ አስካለ ያልረገጡት ደጅ አልነበረም። ቀበሌ ሄዱ፣ ከቀበሌ በላይ ወዳለው ከፍተኛ ሄዱ፣ የቄሱን እግር ያዙ፣ የሚያውቁትንም የማያውቁትንም ካኪ የለበሰ ሁሉ ለመኑ። ሁሉም አዳመጣቸው፣ ሁሉም አዘነላቸው፣ ማንም አላደረገላቸውም። በመጨረሻ ወደ እኔ መጡ።

«ታዴ ልጄ፣ ለሜጀርህ ንገርልኝ» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ደግሞ ልስቅ አልኩና ፊታቸውን አይቼ ተውኩት። አስቀምጬ አስረዳኋቸው፤ ሜጀር እዚህ ላይ ሰው እንዳልሆነ፣ የትምህርት ዓይነት እንደሆነ፣ ኮምፒዩተር የሚባለውም የብረት መሣሪያ እንደሆነ። ሳጥኖቹን በእጄ ሠርቼ አሳየኋቸው። እትዬ አስካለ በጥሞና ሰሙኝና ዙሪያቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «ገባኝ፣ ገባኝ። ስም አይጠራም» አሉ። ዘመኑ እንዲህ ነበር፤ እውነቱን ስትናገር ሰው የደበቅከውን ይፈልጋል። ሲወጡ ጀርባቸውን እያየሁ፣ ምን ላድርግላቸው እል ነበር።

በማግስቱ ማምሻውን ጌቱ ቤቱ ነበር። እትዬ አስካለ አዳራሹ ግቢ በር ላይ ቆመው «ልጄን ሜጀር ኮምፒዩተር ለሥራ ይፈልጉታል» አሉ። የትኛው ሜጀር ሲሏቸው «ኮሌጁ ያሉት» አሉ። የበሩ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ሜጀሩን አላውቃቸውም ብሎ ቀድሞ ለመናገር የደፈረ አልነበረም ይላል ጌቱ። ልጁ ለጊዜው ከእናቱ ጋር ይሂድ፣ ነገ ግን አንድ አሥር አለቃ ኮሌጅ ድረስ ሄዶ ከሜጀሩ ከራሳቸው ያረጋግጥ ተባለ። ይህን ሁሉ እትዬ አስካለ በደስታ እየተፍነከነኩ ነገሩኝ። አሥር አለቃው መጥቶ ሜጀር የሚባል ሰው ካጣ ጌቱ ተመልሶ ይጫናል፤ እናትየዋ አታላይ ተብለው ይታሰራሉ፤ እኔም ከተጠየቅሁ የማመልጥ አልመሰለኝም። ልጁን ቶሎ ማሸሽ ይቻላል፤ ግን እሱ ከሌለ እሳቸው ይያዛሉ። ወይ መሄድ የለ፣ ወይ መቅረት የለ።

አሥር አለቃው የሚመጣበት ቀን ደግሞ ሆኖ ሆኖ የእኔ የማሽን ተራ ነበር። የመመረቂያ ፕሮግራሜ ባቡሩ ከናዝሬት ተነስቶ በየጣቢያው ስንት ሰዓት እንደሚደርስ የሚያሰላ ነበር፤ ለአባቴ ደስ እንዲለው ብዬ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ካርዶቼን ስሰጥ በሩን በሩን አያለሁ፤ ሚስተር ጆሴፍ ስለ ፈተናው የፈራሁ መስሏቸው ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ዘበኛችን ኦቦ ቱፋ ናቸው፤ አጠገባቸው አንድ ወጣት አሥር አለቃ ቆሟል። ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ካኪው ታጥቦ ታጥቦ ነጥቷል።

«ይሄ ሰውዬ ኮምፒዩተርን ነው የሚፈልገው» አሉ ኦቦ ቱፋ። «ጫማህን አውልቅ ብዬዋለሁ። እምቢ ብሎኛል።»

አሥር አለቃው ቡትስ ጫማውን ዝቅ ብሎ አየና ደፉ ላይ እንደቆመ ቀረ። ካልሲው የተቀደደ ይመስለኛል፤ እኔም የተቀደደ ካልሲ አድርጌ ስለማውቅ ያንን ዓይነት አቋቋም አውቀዋለሁ። ከውስጥ የሚወጣው ቀዝቃዛ አየር ፊቱን መታው። ክፍሉን አየ፣ በባዶ እግራችን በሹክሹክታ የምናወራውን እኛን አየ፣ የበሩን ጽሑፍ አነበበ። ከዚያ «ሜጀር ኮምፒዩተር ያሉት እዚህ ነው?» አለ።

ሚስተር ጆሴፍ ከዚህ ሁሉ አማርኛ የሰሙት አንዷን ቃል ነው። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «ኮምፒዩተር ቢዚ» አሉና አስተርጉም በሚል ዓይን አዩኝ። እንግዲህ እንግሊዝኛው ያለቀለት ነገር ነው፤ አንተም አይል፣ አንቱም አይል። የእኛ አማርኛ ግን ሳይመርጡ አያሳልፍም። ሥራ ላይ ነው ካልኩ ዕቃ ሆነ፣ ጌቱ ሄደ። አሥር አለቃው ይጠብቃል፣ ሚስተር ጆሴፍ ይጠብቃሉ፣ ኦቦ ቱፋ ይጠብቃሉ።

«ሥራ ላይ ናቸው» አልኩት።

ውሸት አልነበረም። ሳጥኖቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ሥራ ላይ ናቸው። አሥር አለቃው ለአፍታ ሊያነጋግራቸው ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ማንንም አያነጋግሩም አልኩት፤ ይህም እውነት ነው። በዚህ መሃል መጻፊያው ሳጥን የእኔን ባቡር መጻፍ ጀመረ፤ ክፍሉ በድምፁ ተሞላ። አሥር አለቃው ወደ ውስጥ አንገቱን ሰገግ አድርጎ «እያስጻፉ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ። «አዎ፣ እያስጻፉ ነው» አልኩት። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀ፤ ጌታቸው የሚባለውን ልጅ ያውቁታል ወይ አለኝ። «እሳቸው የተሰጣቸውን ስም አይረሱም» አልኩ፤ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

አሥር አለቃው ቀጥ አለና ወደዚያ ድምፅ አቅጣጫ የወታደር ሰላምታ ሰጠ። ሊሄድ ዞር ካለ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ልጁ ግን መንገድ ለመንገድ ባይዞር ይሻለዋል» አለኝና በአቧራው ውስጥ ሄደ። ይህን ያህል ዘመን አልፎ ዛሬም የሚከነክነኝ ይሄ ንግግሩ ነው። አምኖኝ ነው? ወይስ ሁሉ ነገር ገብቶት፣ እሱም እንደ እኔ የሚለው አጥቶ ነው? ፊቱን ለማስታወስ እሞክራለሁ፤ የሚመጣልኝ ግን ጫማውን ሲያይ ብቻ ነው። በሕይወት ካለ አግኝቼ ብጠይቀው እንዴት ደስ ባለኝ።

ፕሮግራሜ ያለ ስህተት ሄዶ ነበር፤ ሚስተር ጆሴፍ «በቃ» አሉኝ፤ ከእሳቸው አፍ ትልቁ ምስጋና እሱ ነው። ወረቀቱን ለአባቴ ሳሳየው እያንዳንዱን ጣቢያ በጣቱ እየተከተለ አነበበና «ጥሩ ነው፤ ለባቡሩስ ነግራችሁታል?» አለኝ። ጌቱ በማግስቱ በሽንኩርት መኪና ተጭኖ መቂ አክስቱ ዘንድ ሄደ፤ ዘመኑ እስኪያልፍ እዚያው እርሻ ላይ ሠራ። ዛሬ የታወቀ የሽንኩርትና የቲማቲም ነጋዴ ነው፤ ባንክ ቤት የሚያመላልሰውም ንግዱ ነው። እትዬ አስካለ በየፋሲካው አንድ ቅርጫት ፓፓያ «ለሜጀሩ» ብለው ይልኩብኝ ነበር። ደጋግሜ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ደጋግመው «ገባኝ» አሉኝ። ፓፓያውን ከክፍሉ ውጭ ቆመን፣ ሚስተር ጆሴፍም ጭምር፣ በላነው።

ቤዛ እዚህ ድረስ በሳቅ ስትፈርስ ቆይታ ወረቀቷን አጣጠፈች። «አያቴ እስከ መጨረሻው ሳታውቅ ነው የሞተችው?» አለችኝ።

አይደለም። ያወቁት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። እኔ ያኔ እዚያው ኮሌጅ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ትንንሾቹ ኮምፒዩተሮች መጥተው አሮጌው መሣሪያ ሊወጣ ነው። ይህንኑ ቤት ሳወራ እትዬ አስካለ ሰሙና ሜጀሩ ጡረታ ሳይወጡ አንድ ጊዜ ውሰደኝ አሉኝ። እግራቸው ደክሟል፤ በጋሪ ወሰድኳቸው። አየር ማቀዝቀዣው ከቆመ ቆይቷል፣ በሩ ተገንጥሏል፣ የክፍሉ አቧራ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። እትዬ አስካለ ደፉ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። አይ ግድ የለም ብላቸው አልሰሙኝም። ገብተው ሦስቱን ሳጥኖች አንድ በአንድ አዩ። ያኔ በእጄ የሠራሁላቸውን ሳጥኖች። መሣሪያ እንደሆነ አሁን በዓይናቸው አዩት፤ ማየታቸውን እኔም አየሁ። እንዳያፍሩ ፈርቼ ወለል ወለሉን ማየት ጀመርኩ። እሳቸው ግን ያመጡትን ፓፓያ በነጠላቸው ጫፍ ጠራርገው ሳጥኑ ላይ በሁለት እጃቸው አስቀመጡ።

«ይሰማሉ?» አሉኝ።

«አይሰሙም እትዬ። ጆሮ የላቸውም» አልኳቸው፤ አንቱታውን መተው አልቻልኩም።

እትዬ አስካለ ብረቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ጆሮ ያለውንማ ሁሉ ለምኜ ነበር» አሉ። «ልጄን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።»

ከዚያ ክንዴን ተደግፈው ወጡና ደፉ ላይ ጫማቸውን አደረጉ።